ግማሹ ምላጭ

ወንዶች ብብት እንዳላቸው ትዝ የሚላቸው ሊያገቡ ሲሉ ነው። ሮሪሳ ግን እንደዚያ አልነበረም። ክር ፋብሪካ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ ሲወጣ እንኳ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ራሱን ከመጠበቁ የተነሳ ጓደኞቹ «ሙሽሪት» እያሉ ያበሽቁት ነበር።

ሬሳው የተገኘው በ1999 ዓ.ም.፣ በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሊሞሸር አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ቦታው አቃቂ በሰቃ፣ ከጋሽ አሻግሬ የወንዶች ፀጉር ቤት ጀርባ ያለው ሻወር ቤት ነው። ሻወር ቤት ሲባል የሚያስጎመጅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በቆርቆሮ የተከፋፈሉ አራት ጠባብ ክፍሎች ናቸው። ሮሪሳ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። አንገቱ በግራ በኩል ተቆርጧል። ቀኝ መዳፉ ላይ ምላጭ አለ። ያልተዘጋው ውሃ ቀልቶ በበሩ ሥር ወጥቶ እስከ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ደርሷል።

ቀድሞ የደረሰው ሳጅን አያና አንድ ጊዜ አየና ደብተሩን አወጣ።

«ራሱን አጥፍቷል» ብሎ ጻፈ።

ይቺ ቃል ከሳጅኑ ደብተር እስከ ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም። ቄሱ በሰው ላኩ፤ ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እስከዚያ ሌላ ነገር ካልተሰማ ሮሪሳ ያለ ጸሎት፣ ያለ ካህን ጉድጓድ ይገባል።

እናቱ እትዬ ዲንቄ ይህን ሲሰሙ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ታላቁ ልጃቸው አጠገባቸው ቆመ። ዋና ኢንስፔክተር ብዙወርቅ ከመኪና ስትወርድ እግሯ ላይ ወደቁ።

«ልጄ ራሱን አላጠፋም። ማን እንደገደለው አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። ራሱን አላጠፋም በይልኝ ብቻ።»

«ይነሱ እናቴ» አለች ብዙወርቅ፣ ክንዳቸውን ይዛ። «አንዱን ብቻ ላጣራልዎት አልችልም። ሳጣራ ሁሉንም ነው የማጣራው።»

«ይሁን። ከዚህ የባሰ ምን አለ?»

ብዙወርቅ አስነሳቻቸው። ሃያ ዓመት በፖሊስነት ሠርታለች፤ የባሰ እንዳለ ታውቃለች።

ኢንስፔክተሯ አጭር ናት። የወንድ ጫማ ታደርጋለች፤ ሰው ስታነጋግር ፊቱን ሳይሆን ጥፍሩን ነው የምታየው። ሰው ሊዋሽ ሲል ፊቱን ያሰናዳል፣ ጥፍሩን ማሰናዳት ግን ትዝ አይለውም ትላለች። ሦስተኛው ክፍል ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ የሱሪዋ ጫፍ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ረጥቧል።

«ሳጅን፣ በሩን እንዴት አገኘኸው?»

«ገርበብ ብሎ።»

«መቀርቀሪያው?»

«አልተቀረቀረም። ተንጠልጥሎ ነበር።»

«አንተ ሻወር ስትገባ በርህን ክፍት ትተህ ነው የምትላጨው?»

ሳጅኑ ጆሮው ቀላ። «እኔማ... ሰው ይገባብኛላ።»

«እሱም እንዳንተ ሰው ነው። ደግሞ ቀኝ ብብቱ ንጹሕ ተላጭቷል፤ ግራው ላይ አረፋው እንዳለ ነው። ለመሞት የመጣ ሰው አንድ ብብት ይላጫል?»

ሳጅኑ ደብተሩን ከደነ። እሷ ግን ገና አልጨረሰችም። በሳሙና ማስቀመጫው ላይ የሮሪሳ መላጫ ነበር፤ ሙሉ ምላጭ ተገጥሞበታል፣ አረፋና ፀጉር ይዟል። መዳፉ ላይ የተገኘው ግን ግማሽ ምላጭ ነው። ከመሀል ለሁለት የተሰበረ።

«ግማሽ?» አለ ሳጅን አያና ዓይኑ በርቶ። «ምላጭ የሚሰብሩት እኮ ፀጉር አስተካካዮች ናቸው። አሻግሬን ልያዘው?»

«አንተ ጠዋት ሬሳውን አሰርክ፣ አሁን ደግሞ ባለቤቱን። ቆይ እስቲ።»

ጋሽ አሻግሬ ስልሳ የሞላቸው፣ ነጭ ጋዋናቸው ከራሳቸው በላይ የነጣ ሰው ናቸው። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነው። ይህም ሳጅኑን ደስ አሰኝቶታል፤ ምስኪኑ ሽማግሌ ግን ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ፖሊስ ባዩ ቁጥር እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ጋሽ አሻግሬ፣ ከጠዋቱ ይንገሩኝ።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስቱም መጡ። ሮሪሳ፣ ሚዜው አቢ፣ ታላቅ ወንድሙ ኦላና። ሮሪሳ ቀጥታ ሻወር ገባ። አቢን ወንበር ላይ አስቀምጬ ፀጉሩን ጀመርኩ። ሮሪሳ ከጓሮ "ሎሚ አምጡልኝ" ብሎ ተጣራ። ብብቱን በሎሚ ካላሸ አይሆንለትም፤ ሽታ ይፈራል። ኦላና ሎሚው ያለበትን የራሱን ቦርሳ ይዞ ሄደለት።»

«ጭቅጭቅ አልሰሙም?»

«ጎናችን ወፍጮ ቤት ነው ልጄ። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከተነሳ እንኳን ጭቅጭቅ መድፍ አይሰማም።»

«እርስዎ ወደ ጓሮ ሄደዋል?»

«የአቢን ጭንቅላት ግማሹን ላጭቼ የት እሄዳለሁ?»

ብዙወርቅ ወደ ግድግዳው ዞረች። መደርደሪያው ላይ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ስም ተጽፎበታል። በዚያን ጊዜ ኤድስን ከመፍራት የተነሳ የሰው ምላጭ የሚነካ አልነበረም። ደንበኛው ሁሉ ማበጠሪያውን፣ ብሩሹንና ምላጩን በየራሱ ጣሳ ያስቀምጣል። ጋሽ አሻግሬ ሲላጩ የደንበኛውን ምላጭ ከነወረቀቱ ቀጭ አድርገው ለሁለት ይሰብሩና ግማሹን እጀታው ላይ ይገጥማሉ።

«ሌላው ግማሽ የት ይሄዳል?»

«እጥለዋለኋ። ከኦላና በቀር የሚጠይቀኝ የለም።»

«ኦላና ይጠይቃል?»

«ሁለቱንም ይወስዳል። የተላጨበትንም፣ ያልተላጨበትንም በወረቀት ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ። ሁለት ዓመት ሆነው። "ወርቅ ነው እንዴ?" እያልኩ እስቅበታለሁ።»

ብዙወርቅ አልሳቀችም። የኦላናን ጣሳ አወረደች። ማበጠሪያ አለ፣ ብሩሽ አለ። ምላጭ የለም።

«ዛሬስ ላጩት?»

«እሱስ ተቀምጦ ነበር። ከጓሮ ሲመለስ አቢን ጨርሼ ነበርና ወንበሩ ላይ ወጣ። ጨርቁን አሰርኩለት፣ ፊቱን አረፋ በአረፋ አደረግሁት። ከዚያ መስታወቱን አየና "ጥረግልኝ ጋሼ፣ ይቅር" አለኝ። የሰርጉን ድንኳን ልይ ብሎ ወጣ።»

«በሰርግ ዋዜማ ሳይላጭ?»

«እኔም ገርሞኝ ነበር። ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

ኢንስፔክተሯ ጣሳውን ቦታው መለሰች። ፕላስተሩ ላይ ከስሙ ሌላ ምንም አልተጻፈም።

አቢ ሲጠራ ገና ሳይጠየቅ ላብ በላብ ሆነ። ፊቱ የተላጨ፣ ፀጉሩ የተከረከመ፣ ሽቶ የተረጨ። ከነድንጋጤው አምሮበታል፤ ይህም ለሚዜ ደህና ነው፣ ለተጠርጣሪ ግን ጥሩ አይደለም።

«ሙሽራዋን፣ ፌኔትን፣ መጀመሪያ የጠየቅሃት አንተ ነህ አሉ» አለች ብዙወርቅ።

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሷ እሱን መረጠች። እኔን ሚዜ ያደረገኝ እንዳልቀየም ብሎ ነው።»

«ተቀይመህ ነበር?»

«አንድ ክረምት። ከዚያ ደከመኝ።»

«ሬሳውን ያገኘኸው አንተ ነህ?»

«አንድ ሰዓት ላይ ውሃው ወደ ውስጥ መግባት ሲጀምር "ሙሽሪት፣ አቃቂን ልታጥለቀልቂያት ነው?" እያልኩ ሄድኩ።» ኮሌታውን ጎተት አደረገ። «የመጨረሻ ያልኩት ይሄን ነው። ሞቶ እያለ እየቀለድኩበት ነበር።»

ብዙወርቅ አንገቱን አየች። የተቆረጠ ደቃቅ ፀጉር ኮሌታው ውስጥ እንዳለ ነው። ውሃ የነካው እጅጌው ጫፍ ብቻ ነው። «ሂድ ተቀመጥ» አለችው።

ኦላና ድንኳኑ ሥር ሰው መካከል ተገኘ። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ቃሊቲ መጋዘኖች ውስጥ ሲሚንቶ ያወርዳል። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ሮሪሳን ያሳደገው እሱ ነው። ነገ በአባት ቦታ ቆሞ ሙሽራውን የሚመርቀው እሱ ነበር። ጢሙ የአንድ ሳምንት ይሆናል። አንገቱ ላይ የትናንቱ ሲሚንቶ አለ።

ኢንስፔክተሯ እጁን አየች። ጥፍሮቹ የሕፃን ጥፍር ይመስላሉ፤ ነጭ፣ ጥግ ጥጋቸው ሳይቀር የታጠበ።

«ሻወር ገብተሃል ዛሬ?»

«ተራዬ አልደረሰም ነበር።»

«ሮሪሳን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ሎሚውን በበሩ አቀበልኩት። ደህና ነበር።»

«ከጓሮ ተመለስክ። ከዚያስ?»

«ድንኳኑን ለማየት ሄድኩ። ሞቱን እዚያው ሰማሁ፣ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ።»

ብዙወርቅ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ሰዓቷን አየች። አምስት ተኩል ሆኗል።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወፍጮ ቤቱን አስጠፍታዋለች። ጋሽ አሻግሬ ወንበራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አቢ የደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። እትዬ ዲንቄ ከጎኑ ናቸው፤ ኦላና ከኋላቸው ቆሟል፣ እጁን ትከሻቸው ላይ አድርጎ። በሩ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የተላኩት ሽማግሌ መቋሚያቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። መስታወቱ ትልቅ ስለሆነ ሁሉም ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያል።

«መጀመሪያ የእናትየውን ጥያቄ ልመልስ» አለች ብዙወርቅ። «ሮሪሳ ራሱን አላጠፋም።»

እትዬ ዲንቄ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። «ተመስገን» አሉ፤ የኦላናን እጅ ጨበጥ አደረጉ። «ሰማህ ልጄ?»

«ሰማሁ እማዬ።»

«በሩ አልተቀረቀረም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ራቁቱን የሚላጭ ሰው ሳይቀረቅር አይቀመጥም። የከፈተው ለሚያውቀው ሰው ነው፤ ያ ሰው ሲወጣ የሚቀረቅርለት አልነበረም። ሁለተኛ፣ የሮሪሳ የራሱ መላጫ ሙሉ ምላጭ ተገጥሞበት ሳሙና ማስቀመጫው ላይ ነበር። በእጁ የተገኘው ሌላ ምላጭ ነው፤ ግማሽ። አንድ ሰው ለአንድ ብብት ሁለት ዓይነት ምላጭ ይዞ አይገባም። ሁለተኛውን ሌላ ሰው ነው ያመጣው።»

ሳጅን አያና ጋሽ አሻግሬን አያቸው።

«እሳቸው አይደሉም። አቢ እጃቸው ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ አንዱ ለአንዱ ምስክር ነው። የአቢ ኮሌታ ውስጥ ደቃቅ ፀጉሩ ሳይረግፍ አለ፤ ያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ውሃ ሥር ታግሎ የወጣ ሰው እንዲህ አይሆንም። ጋሽ አሻግሬ ደግሞ የሰበሩትን ግማሽ ይጥላሉ። ጠቅልሎ የሚወስድ አንድ ደንበኛ ብቻ አለ።»

ጋሽ አሻግሬ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ተናግረው ምን እንዳደረጉ አሁን ነው የገባቸው።

«ያ ሰው ተራዬ አልደረሰም፣ ሻወር አልገባሁም ይለኛል። አንገቱም ይመሰክርለታል፣ ሲሚንቶው አልወረደም። ጥፍሩ ግን ከእኔ ጥፍር ይነጣል። ገላውን ሳይታጠብ እጁን ብቻ ይህን ያህል የሚያሽ ሰው ምን ነክቶ ነው?»

እትዬ ዲንቄ ትከሻቸው ላይ ያለውን እጅ ቀስ ብለው አዩት። አላነሱትም።

«ይሄ ሁሉ ባይኖር እንኳ አንድ ነገር ይበቃኝ ነበር» አለች ብዙወርቅ፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ማንም ሰው ሮሪሳ መሞቱን አያውቅም። ይህ ቤት የሰርግ ቤት ነው። ሰው ሁሉ እየተላጨ ነው። የሙሽራው ታላቅ ወንድም ወንበሩ ላይ ወጣ፣ አረፋ ተቀባ፣ ምላጩ ሊያርፍበት ሲል "ጥረግልኝ" አለ። ለሰርግ የሚሄድ ሰው ይላጫል። ጢሙን የሚያቆየው ሐዘንተኛ ነው።» ወደ እሱ ዞረች። «ኦላና፣ አንተ ከሁላችንም በፊት ሐዘን ተቀመጥክ። ለማን ነበር?»

ኦላና መስታወቱን አየ። ከዚያ እጁን ከእናቱ ትከሻ ላይ አነሳ።

«አረፋው ፊቴ ላይ ሲያርፍ» አለ፣ «ወንድሜ እዚያ ወድቆ እኔ እላጫለሁ? ብዬ አሰብኩ። አልቻልኩም።»

«ምላጩን ለምን ጠቅልለህ እንደምትይዝ እኔ አልናገርም» አለች ብዙወርቅ። «ያንተ ነው።»

«ከዚህ በኋላ ምን ልደብቅ?» ወደ እናቱ ሳያይ ተናገረ። «በሽታው አለብኝ። ሁለት ዓመቴ። ምላጬን ማንም እንዳይነካው ብዬ ነው የምሰበስበው። ሮሪሳ ሎሚ ብሎ ቦርሳዬ ውስጥ እጁን ሲከት መድኃኒቴን አወጣው። አነበበው። "በአንድ ምላጭ ነው ያደግነው" አለኝ። "ነገ ላገባ ነው፣ ዛሬ የምርመራ ውጤቴ ይመጣል፣ ገድለኸኛል" አለኝ። ካወቅሁ ወዲህ ያንተን ነክቼ አላውቅም፣ ይኸው የእኔ ብዬ ግማሹን ምላጭ አውጥቼ አሳየሁት። ለፌኔት እነግራታለሁ ብሎ ሊወጣ ገፋኝ። ያዝኩት። ወለሉ ሳሙና ነው። አንሸራተተውና ላዬ ላይ መጣ። ምላጩ እጄ ላይ ነበር።»

«ለምን አልጮህክም?» አሉ ጋሽ አሻግሬ። «ሃያ እርምጃ ነው እኮ ልጄ። በሩን ከፍተህ ብትጠራኝ።»

«እሱን ነው የማልመልሰው ጋሼ። መጮህ ስችል እጄን ታጠብኩ። ሰው ቢመጣ መድኃኒቱን ያያል ብዬ መድኃኒቱን ሰበሰብኩ። ሎሚውን እንኳ አነሳሁ። ከዚያ ምላጩን እጁ ላይ አደረግሁለት።»

እትዬ ዲንቄ ተነሱ። ከልጃቸው ፊት ቆሙ፤ ቁመታቸው ደረቱ ላይ ነው የሚደርሰው።

«ጠዋት እግሯ ላይ ወድቄ ስለምናት አጠገቤ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«ያለ ፍትሐት ሊቀበር ነው እያልኩ።»

«አዎ እማዬ።»

ሌላ ነገር ሳይናገሩ በሩ ተንኳኳ። ማንም «ግቢ» ሳይላት ፌኔት ገባች። መርዶ በአንዴ አይነገርምና እሷ ዘንድ የሄደ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ሌላው ይነግራታል ብሎ ትቶታል። ጠዋት የእሷንም የሮሪሳንም ካርድ ይዛ ክሊኒክ ሄዳ ተራ ስትጠብቅ ነው የዋለችው። ቤተ ክርስቲያን ያለ ምርመራ ወረቀት አታጋባም። እጇ ላይ ወረቀት አለ፤ ሂና ተቀብታለች፣ እየሳቀች ነው።

«እዚህ ናችሁ እንዴ? ሮሪሳስ? አሁንም እየታጠበ ነው?» ወረቀቱን ወደ ላይ ከፍ አደረገች። «ነፃ ነን በሉት፣ ሁለታችንም። ሌሊቱን ሳይተኛ ነው ያደረው፣ ንገሩት።»

ኦላና ግድግዳውን ይዞ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። አቢ ተነስቶ ወረቀቱን ከእጇ ተቀበላት፤ ሌላ የሚያደርገው ስላጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለሮሪሳ ፍትሐት ተደረገ። እትዬ ዲንቄ የለመኑት ሁሉ ተሟላላቸው። ኦላና በፖሊስ መኪና ውስጥ፣ ከግቢው አጥር ውጭ ሆኖ ጸሎቱን ሰማ፤ እንዲወርድ ግን እናቱ አልፈቀዱም።

በአርባኛው ቀን ጋሽ አሻግሬ የኦላናን ጣሳ ይዘው ወደታሰረበት ማረፊያ ቤት ሄዱ። ብዙወርቅ ደውላ አስፈቅዳላቸዋለች። አርባ ወጥቷል፤ ሐዘንተኛ ሁሉ ዛሬ ይላጫል። አቢ እንኳ ጠዋት ተላጭቷል።

«እማዬ ላከችህ?» አላቸው ኦላና። ጢሙ ጉንጩን ሞልቶ ፊቱን አሳንሶታል።

ጋሽ አሻግሬ መዋሸት አያውቁበትም። «አልላከችኝም። በራሴ ነው የመጣሁት።»

ጨርቁን አሰሩለት፣ አረፋውን መቱና ቀቡት። አዲስ ምላጭ አውጥተው ከነወረቀቱ ቀጭ አደረጉ። ኦላና ከልማዱ የተነሳ ለሌላው ግማሽ እጁን ዘረጋ። አጠገባቸው የቆመው ፖሊስ ራሱን ነቀነቀ፤ ጋሽ አሻግሬ ግማሹን ኪሳቸው ከተቱ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ምላጩን ግን ጉንጩ ላይ አቀረቡ።

«ጥረግልኝ ጋሼ» አለ ኦላና። «የእኔ አርባ አላለቀም።»

ጋሽ አሻግሬ ትንሽ ጠበቁት፤ ሐሳቡን ይለውጥ እንደሆነ። ከዚያ ፎጣቸውን አንስተው አረፋውን ጠረጉለት።